የባለቀጠሮው ጠመንጃ

ካዝናው መኝታ ቤት ውስጥ፣ ከቁም ሳጥኑ በስተግራ፣ በአራት ብሎን ከግድግዳው ጋር ታስሮ ቆሟል። ቁመቱ ከአንድ ረጅም ሰው ትከሻ ይደርሳል። በሩ ሁለት ቦታ ይቆለፋል፤ ሁለቱም ካልዞሩ አይከፈትም። ሁለቱ ቁልፎች በአንድ ጥቁር ገመድ ታስረው ከባለቤቱ አንገት አይወርዱም። የካዝናው ውስጠኛ ክፍል ከላይ እስከ ታች አረንጓዴ ከፋይ ጨርቅ ለብሷል። ጠመንጃው ሰደፉን ወደ ታች፣ አፈሙዙን ወደ ላይ አድርጎ ከፋዩን ተደግፎ ይቆማል። ጥይት እዚህ የለም፤ ደንቡ የውጭ ዜጋ ጥይት ቤቱ እንዳያስቀምጥ ስለሚከለክል በተኩስ ክበቡ ተቆልፎ ይቀመጣል። እስከ ሐሙስ ማታ ድረስ ሁሉም ነገር እንዲህ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ሁለቱ ቁልፎች ዞሩ፤ በሩ ተከፈተ። ከፋዩ አለ። ጠመንጃው የለም።

ኢንስፔክተሩ ሲደርስ ባለጠመንጃው ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ከረባት አስሮ፣ ጉልበቱን ገጥሞ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። የፋብሪካ መካኒክ ነው፤ ከሌላ አገር መጥቶ፣ እዚህ ሠርቶ፣ እዚህ አግብቶ ዓመታት ኖሯል። የአገሩን ቋንቋ ግን የተማረው ገበያ ወጥቶ ወይም ከጎረቤት ጋር ተጫውቶ ሳይሆን በመሥሪያ ቤት ኮሪደር ተራ እየጠበቀ ነው። ሰፈሩም ይህንን አይቶ «ባለቀጠሮው» ብሎታል።

«ንብረትነቱ የእኔ የሆነ አንድ የዒላማ ጠመንጃ መጥፋቱን ከታላቅ አክብሮት ጋር አሳውቃለሁ» አለ ባለቀጠሮው።

ኢንስፔክተሩ ቀና ብሎ አየው። የሚቀልድ መስሎት ነበር። ሰውየው ግን ከረባቱን አስተካክሎ ጥያቄውን ይጠብቃል።

«መጨረሻ ያየኸው መቼ ነው?»

«ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የፈቃድ ጽሕፈት ቤቱ ባልደረባ ካዝናውን ለመመርመር በአካል ተገኝታለች። እሷ ከሄደች በኋላ በራሴ እጅ ቆልፌዋለሁ።»

«ተገኝታለች? ሴት ናት?»

«የመስኮት ሦስት ሠራተኛ ናት።»

«ቁልፉስ? ከአንገትህ የምታወልቀው መቼ ነው?»

«ገላዬን ስታጠብ ብቻ። እዚህ ቤት መታጠቢያ ክፍሉ በር ላይ ባለው ምስማር እሰቅለዋለሁ። በክበቡም ከልምምድ በኋላ እንዲሁ።»

ኢንስፔክተሩ ሁለቱን የቁልፍ ቀዳዳዎች በባትሪ አየ። አንድም ጭረት የለም። ከካዝናው አጠገብ ባለው መሳቢያ የሚስቱ የወርቅ ጉትቻ ሳይነካ ተቀምጧል። የቤቱ በር አልተሰበረም። ከሁሉ በላይ ያሳሰበው ግን ካዝናው ተቆልፎ መገኘቱ ነው። ሌባ ቆልፎ አይሄድም።

ከፋዩን በጣቱ ዳሰሰ። ከላይ፣ የአፈሙዙ ጫፍ በሚያርፍበት ግድም፣ አንድ ጣት የሚያህል ስፌት አለ፤ ክሩ ከጨርቁ ትንሽ ፈካ ይላል። የሰውየው ሚስት ልብስ ሰፊ ናትና አልደነቀውም። ጻፈና አለፈ።

«ዛሬ ለምንድን ነው ካዝናውን የከፈትከው?»

ባለቀጠሮው ነገሩን ከሥሩ አስረዳ። የጦር መሣሪያ ፈቃዱ የሚታደሰው የመኖሪያ ፈቃዱ ሲታደስ ነው። የመኖሪያ ፈቃዱ ደግሞ የሚታደሰው «በእጁ ያላለቀ ጉዳይ የለም» የሚል ማረጋገጫ ሲቀርብ ነው። እድሳት ላይ ያለ ጠመንጃ ደግሞ ያላለቀ ጉዳይ ነው። አንደኛው መሥሪያ ቤት ወደ ሁለተኛው፣ ሁለተኛው ወደ አንደኛው ሲልኩት ዓመት አለፈ። በመጨረሻ አንድ የበላይ ኃላፊ አዝኖለት፣ ሰኞ ጠመንጃውን አሳይቶ በዚያው ዕለት ማረጋገጫውን እንዲወስድ ፈቀደለት። የመኖሪያ ፈቃዱ የሚያበቃው አርብ ነው።

«ካልተገኘስ?»

«ጠመንጃ ያጠፋ የውጭ ዜጋ የመኖሪያ ፈቃዱ አይታደስለትም። ከአገር ይወጣል።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ይህ ክፍል ለባለቤቴ እንዳይገለጽላት በአክብሮት እጠይቃለሁ። ትደነግጣለች።»

---

የሚስትየዋ ሱቅ ከቤታቸው በታች ባለው መንገድ ዳር ነው። ሁለት የስፌት መኪና፣ አንድ ረጅም መቁረጫ ጠረጴዛ፣ ግድግዳውን የተደገፉ የጨርቅ ጣቃዎች። አብዛኞቹ ጣቃዎች ከወገባቸው ጎብጠዋል። ጥግ ላይ ያለው ወፍራም ግራጫ የመጋረጃ ጨርቅ ብቻ ቀጥ ብሎ ቆሟል።

ሰፊዋ ከተቀመጠችበት ሳትነሳ ኢንስፔክተሩን ከእግር እስከ ራሱ ለካችው።

«ኮትዎን ያውልቁት።»

«እንዴት?»

«ገበሩ ተዘርግፏል። እሱን እያየሁ ማውራት አልችልም።»

ኢንስፔክተሩ አወለቀ። እሷ መርፌዋን አነሳች።

«ስለ ጠመንጃው ነው የመጣሁት፣ እህቴ።»

«አውቃለሁ። ከመጥፋቱ በፊትም እኮ ቤቴን ያጠፋው እሱ ነው።» ክሩን በጥርሷ በጠሰች። «እርስዎ የሕግ ሰው ነዎት፤ እስቲ ይንገሩኝ። አንድ ወረቀት ዓመት ይፈጃል?»

«እንደ ወረቀቱ ነው።»

«እንደ ሴትየዋ ነው!» አለች። «ሰው ለጠመንጃ ፈቃድ ሲሄድ ሽቶ ይቀባል? ጫማውን ሁለት ጊዜ ይወለውላል? ለሠርጋችን አንዴ ነው የወለወለው! "የት ነበርክ?" ስለው "መስኮት ሦስት" ይለኛል። "ምን አለችህ?" ስለው "ነገ ና" ይለኛል። ማን ናት እሷ፣ የሰው ባል በየሳምንቱ ነገ ና የምትል?»

«ሐሙስ ቤታችሁ መጥታ ነበር አሉ።»

መርፌዋ ቆመ።

«ቤት ስገባ መኝታ ቤቴ የሌላ ሴት ሽቶ ይሸታል። የኔ አልጋ ያለበት ክፍል። "ማን ነው የመጣው?" አልኩት። ምን ብሎ መለሰልኝ መሰለዎት? "የሚመለከተው አካል"።»

ኢንስፔክተሩ ሳቁን በሳል አሳለፈው።

በዚህ መሃል ከጎን ያለችው ዳቦ ሻጭ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ገባች። «አንቺ፣ ከዚያ ግራጫ ሁለት ሜትር ቁረጪልኝ።»

«ታዟል።»

«ቅዳሜም ታዟል አልሽኝ። ጣቃው ቆሞ እያየሁት?»

«ለሆቴል ነው። ሙሉውን።»

«ሆቴሉ መስኮቱ ስንት ነው ባክሽ!» ብላ ዳቦ ሻጯ እያጉረመረመች ወጣች።

«ከሐሙስ በኋላ ቤት ሰው መጥቶ ነበር?» ጠየቀ ኢንስፔክተሩ።

«ከዚያች በቀር ማንም።» ኮቱን አራግፋ ሰጠችው። ገንዘብ አልተቀበለችም። «ሌባውን ሲያገኙት ግን አይጨክኑበት» አለች። «ቤቴን ያሳረፈልኝ እሱ ነው።»

---

የተኩስ ክበቡ ሻምፒዮን ጠመንጃውን ፈታትቶ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጧል። ከኋላው መደርደሪያ ላይ አዲስ ዋንጫ ቆሟል፤ ግን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮታል።

«ዋንጫህ ምን አጠፋ?» አለ ኢንስፔክተሩ።

«አይዩብኝ፣ ጋሼ። አፈር ይብላው።»

«እስቲ ስለ ባለቀጠሮው ንገረኝ።»

«እሱ ከመምጣቱ በፊት እዚህ ክበብ ውስጥ እኔን የሚያህል አልነበረም። ይኸው ነው።» ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ ወረወረ። «መጣ፤ ያቺን አሮጌ የአባቱን ጠመንጃ ከሻንጣው አወጣ፤ ሦስት ጥይት ተኮሰ። ሦስቱም አንድ ቀዳዳ ገቡ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሚስቴ እንኳ "ዛሬስ ስንተኛ ወጣህ?" ትለኛለች። ስንተኛ! ድሮ እኮ እንዲህ ብላ አትጠይቅም ነበር።»

«ፈቃዱ እንዳይታደስ አመልክተሃል።»

«ሁለት ጊዜ» አለ ሻምፒዮኑ፣ ሳያፍር። «አልደብቅዎትም።»

«ቅናት ነው?»

«ታዲያ ሌላ ምን ይሆናል፣ ጋሼ!»

«ገላውን ሲታጠብ ቁልፉን የሚሰቅለው እዚያ ምስማር ላይ ነው። ማንሳት ትችል ነበር።»

«እችል ነበር። ግን ከሐሙስ ጠዋት እስከ እሁድ ማታ ውድድር ላይ ነበርን። ክበቡ በሙሉ በአንድ አውቶብስ፣ በአንድ ሆቴል። ሾፌሩን ጭምር ይጠይቁ።» ዋንጫውን በአገጩ አመለከተ። «ያንን የወሰድኩት እሱ ሳይኖር ነው፤ ፈቃዱ አልታደሰምና አልመጣም። ሲሸልሙኝ ከኋላ አንዱ ምን አለ መሰለዎት? "ባለቀጠሮው ቢኖር ኖሮ" አለ። ገባዎት? ጠመንጃውን ሰርቄው እሱ ከተኩስ ከወጣ፣ እኔ በቀረው ዘመኔ ማንን ነው የማሸንፈው?»

ሾፌሩም፣ የሆቴሉ ሠራተኛም፣ አሰልጣኙም ቃላቸው ገጠመ። ኢንስፔክተሩ የሻምፒዮኑን ስም ሰረዘ። በቅናት የሚሰርቅ ሰው አይቷል። ተቀናቃኙ እንዲኖርለት የሚጸልይ ግን ሲያይ ይህ የመጀመሪያው ነው።

---

የጦር መሣሪያ ፈቃድ ጽሕፈት ቤቱ ኮሪደር ጠባብና ረጅም ነው። አግዳሚው ወንበር ላይ ሰዎች ተጠጋግተው ተቀምጠዋል፤ ሌሎቹ ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። ኢንስፔክተሩ በቀጥታ ወደ መስኮት ሦስት ሲሄድ አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን አቋረጡበት።

«ልጄ፣ ተራ አለ።»

«ፖሊስ ነኝ፣ አባባ።» መታወቂያውን አሳየ።

«መታወቂያማ ሁላችንም አለን» አሉ ሽማግሌው። ኮሪደሩ ሳቀ። ኢንስፔክተሩም ተራውን ያዘ።

የመስኮት ሦስት ሠራተኛ አርባዎቹን የተሻገረች፣ የመነጽሯ ክንድ በፕላስተር የተያያዘ ሴት ናት። መስኮቷን ዘግታ ከኋላ ባለች ጠባብ ክፍል ተቀበለችው። ሽቶዋ ከእሷ በፊት ይደርሳል።

«ሽቶሽ ጠንካራ ነው።»

«ኮሪደሩን አላሸተቱትም? ከጠዋት ጀምሮ በዚያች ቀዳዳ ስንቱ ነው ፊቴ ላይ የሚተነፍሰው! ያለ ሽቶ አልችለውም፣ ኢንስፔክተር።»

«ባለቀጠሮውን ታውቂዋለሽ?»

ሳቀች፤ ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ። «እንደምን አደርሽ የሚለኝ እሱ ብቻ ነው። ሌላው ሰው ሲያናድደው ይሰድበኛል። እሱ ሲያናድደው ስለ ሚስቱ ያወራኛል። "ባለቤቴ ይህንን ሸሚዝ ሰፍታልኛለች።" "ባለቤቴ ወደዚህ ስመጣ ንጹሕ እንድሆን ትፈልጋለች።" ዓመት ሙሉ! ሚስቱን አንድም ቀን ሳላያት የአዝራሯንና የኪሷን አሰፋፍ ለይቼ አወቅሁ።» መነጽሯን አወለቀች። «የእኔ ባል እኔ ምን መሥሪያ ቤት እንደምሠራ ቢጠየቅ፣ እንጃ፣ "መንግሥት ቤት" የሚል ይመስለኛል።»

«ሐሙስ ካዝናውን መረመርሽ። ቁልፉን ነክተሻል?»

«ክልክል ነው። እሱ ከፈተ፤ እኔ አየሁ፤ እሱ ቆለፈ።»

«ሌላስ ምን አየሽ?»

«ከፋዩን። በእጄ ከላይ እስከ ታች ዳሰስኩት። ስፌቱን ፈልጌ አጣሁት። "ማነው እንዲህ የሠራው?" ስለው፣ "ባለቤቴ" አለ፣ ደረቱን ነፍቶ። እውነቱን ልንገርዎት? ያን ጊዜ ካዝናውን በርግጫ ብለው ደስ ይለኝ ነበር።»

ኢንስፔክተሩ እስክሪብቶውን አቆመ። «ከላይ፣ አፈሙዙ በሚያርፍበት፣ ስፌት አልነበረም?»

«አንድም። ሽፋኑ የተቀደደ ወይም የተጠገነ ካዝና አይጸድቅም። ቢኖር ኖሮ ሌላ ቀጠሮ እሰጠው ነበር።»

ሠራተኛዋ ሐሙስ ከዚያ ቤት ወጥታ በቀጥታ የታመመች እናቷ ዘንድ ሆስፒታል ገብታለች፤ እስከ ሰኞ ጠዋት ከዚያ አልወጣችም። ነርሶቹ አረጋገጡ። እንግዲህ ቃሏ እውነት ከሆነ፣ ከፋዩ የተቀደደውም የተሰፋውም ከሐሙስ በኋላ ነው።

ኢንስፔክተሩ ወደ ቢሮው ሲመለስ ጥርጣሬው ወዳልፈለገው ሰው ዞረ። ከሐሙስ በኋላ ቁልፉ የነበረው በአንድ ሰው አንገት ላይ ነው። ሰውየው ጠመንጃውን ራሱ አውጥቶ ሸጦት ይሆን? ሲያወጣ ቀዶት፣ ሚስቱን «ስፊልኝ» ብሏት ይሆን? በምልልስ የሰለቸ ሰው ብዙ ነገር ያደርጋል። ስልክ ደውሎ ጠየቀው።

«ከፋዩ ስለመቀደዱ የደረሰኝ መረጃ የለም» አለ ባለቀጠሮው።

ውሸታም አይመስልም። ግን ውሸታም የሚመስል ውሸታም ኢንስፔክተሩን አስቸግሮት አያውቅም።

---

ረቡዕ ጠዋት የኢንስፔክተሩ ሚስት ኮቱን ከመስቀያው አውርዳ ልታቀብለው ስትል እጇ ቆመ። ወደ ውስጥ ገለበጠችው።

«ይሄን ማናት የሰፋችው?»

ኢንስፔክተሩ የጫማውን ማሰሪያ እያሰረ ነበር። ሚስቱ የት ዋልክ ብላ ከጠየቀችው ዓመታት አልፈዋል። አንዳንድ ቀን ኪሱን ብትፈትሽ ደስ እንደሚለው ለማንም ተናግሮ አያውቅም።

«ገበሩ ተቀዶ ነበር።»

«መቀደዱንማ አውቃለሁ፤ ልሰፋልህ ስንት ጊዜ ለመንኩህ። እኔ ማናት ነው የምልህ።»

«ሴት መሆኗን በምን አወቅሽ?»

«እየው!» ኮቱን አፍንጫው ስር አቀረበችው። «ሦስት ትሄዳለች፣ አንድ ትመለሳለች። ሦስት ትሄዳለች፣ አንድ ትመለሳለች። ጫፉን ደግሞ እንዳይታይ ወደ ውስጥ ቀብራዋለች። ለገበር! ማንም ለማያየው ቦታ! ይህች ሴት የተቀደደ ነገር አይታ ዝም ብላ ማለፍ የማትችል ናት። የማን ቤት ነው ኮትህን ያወለቅኸው?»

ኢንስፔክተሩ የአንዱ እግር ጫማ ሳይታሰር ቀና አለ።

«እንደገና በይው።»

«ምኑን? የማን ቤት ነው ያልኩትን?»

«የተቀደደ ነገር አይታ የማታልፍ ያልሽውን።»

ሚስቱ ግራ ገብቷት አየችው። ኮቱን ተቀብሎ ለበሰ። ሊወጣ ሲል ጠራችውና የኮቱን ቁልፎች አንድ በአንድ እስከ አንገቱ ቆለፈችለት፤ ሙቀት ቢሆንም።

«ቀናሽ እንዴ?»

«በዚህ ዕድሜህ ማን ይወስድሃል!» አለች። ግን በሩ ላይ ቆማ እስኪሰወር አየችው።

ባለቀጠሮው ቤት ሄዶ ካዝናውን አስከፈተ። ኮቱን ገልብጦ ከከፋዩ ጋር ጎን ለጎን ያዘው፤ በማጉያ መነጽር አየ። ሦስት ሄዶ አንድ ይመለሳል። ሦስት ሄዶ አንድ ይመለሳል። ጫፉ ወደ ውስጥ ተቀብሯል። ባሏ መቀደዱን እንኳ አያውቅም። የሰፋችው ለምነዋት አይደለም።

---

ሰፊዋ ጠረጴዛው ላይ ሰማያዊ ጨርቅ ዘርግታ በሳሙና ባሰመረችው መስመር እየቆረጠች ነበር። ኢንስፔክተሩ በሩን ገርበብ አድርጎ ወንበር ሳበ።

«ሌባው ተገኘ?» አለች፣ ከመቀሷ ዓይኗን ሳትነቅል።

«ባልሽ አንድ ነገር እንዳልነግርሽ ለምኖኝ ነበር። ቃሌን ላፈርስ ነው። ጠመንጃው ካልተገኘ የመኖሪያ ፈቃዱ አይታደስም። አርብ ከአገር ይወጣል።»

መቀሱ አልቆመም። መስመሩን ግን ለቀቀ፤ ሰማያዊው ጨርቅ እስከ መሃሉ ተጣሞ ተቆረጠ። ሴትየዋ የተበላሸውን ጨርቅ አየችው።

«ማነው ያለው?»

«ደንቡ ነው።»

«ጠመንጃ ጠፋ ተብሎ ሰው ይባረራል?»

«የውጭ ሰው ከሆነ ይባረራል።»

መቀሱን አስቀመጠች። ኢንስፔክተሩ ድምፁን ሳይጨምር ቀጠለ።

«ጠመንጃውን ያወጣው ሰው ሲያወጣ የአፈሙዙ ማነጣጠሪያ ከፋዩን ይዞ ቀደደው። ሌባ ቢሆን ትቶት ይሄድ ነበር። ይህ ሰው ግን ጠመንጃውን አስቀመጠ፤ ክርና መርፌ አመጣ፤ ካዝናው ውስጥ አንገቱን አስገብቶ ሰፋው። ከዚያም ቆለፈ።»

«ተቀዶ እያየሁት እንዴት ልተወው?» አለች።

ከአፏ የወጣውን የሰማችው ኋላ ነው። ወንበሯ ላይ ቁጭ አለች።

«አርብ ማታ ገላውን ሲታጠብ ቁልፉን ከምስማሩ አንስቼ ነው» አለች ቀስ ብላ። «ጣቃ ለሥራ ቤት ወስጄ ነበር። ጠመንጃውን በጣቃው ጠቅልዬ በትከሻዬ ወደ ሱቅ አመጣሁት። ልብስ ሰፊ ጣቃ ተሸክማ ስትሄድ ማን ያያታል? ልሸጠው አይደለም፤ ላጠፋውም አይደለም፤ የአባቱ ነው። ቀጠሮው እስኪያልፍ ነበር። ጠመንጃው ከሌለ ፈቃድ የለም። ፈቃድ ከሌለ መስኮት የለም። መስኮቱ ከሌለ እሷ የለችም። እንዲህ ነበር ያሰብኩት።» ዓይኗን በመዳፏ ጠረገች። «ወረቀት ነው ይለኛል። ዓመት ሙሉ ወረቀት! እርስዎ ቢሆኑ ያምኑ ነበር?»

«አላምንም ነበር» አለ ኢንስፔክተሩ። «ግን እውነት ነው።»

የተበላሸውን ጨርቅ አጠፈች።

«ቆንጆ ናት?»

ኢንስፔክተሩ በሥራ ዘመኑ ብዙ ጥፋተኛ ካመነ በኋላ የሚጠይቀውን ሰምቷል፤ ስንት ዓመት ይፈረድብኛል፣ ልጆቼን ማን ያያል። ይህንን ግን ሰምቶ አያውቅም። እንደ ምስክር ቃል ጥንቅቅ አድርጎ መለሰ።

«መነጽሯ በፕላስተር የተያያዘ ነው። ሽቶ የምትቀባው ለኮሪደሩ ሽታ ነው። ባልሽ ዓመቱን ሙሉ እዚያ መስኮት ላይ ቆሞ ስለ አንቺ ነው ያወራላት። ሸሚዙን እንደሰፋሽለት፣ ንጹሕ ሆኖ እንዲሄድ እንደምትፈልጊ። ካዝናውን ስታይ ስፌትሽን ፈልጋ አጣችው። ትቀናለች፣ እህቴ። በአንቺ ነው የምትቀናው።»

«በእኔ?»

«በአንቺ።»

ሰፊዋ አፏን በእጇ ያዘች። ኢንስፔክተሩ ተነስቶ ወደ በሩ ሄደ፤ ጀርባውን ሰጥቷት ወደ መንገዱ እያየ ተናገረ።

«ደንቡ አንድ ነገር ይላል። መሣሪያ በእጁ የገባ ሰው ሳይጠየቅ በፈቃዱ ለጽሕፈት ቤቱ ካስረከበ አይከሰስም። እኔ እስካሁን የጠየቅሁሽ ነገር የለም። የመጣሁት ስለ ገበሩ ላመሰግን ነው። ነገ ጠዋት ግን ለመጠየቅ እመጣለሁ።» ወደ ጥጉ ዞረ። «ጣቃዎቹ ሁሉ ጎብጠዋል፤ ያ ግራጫው ብቻ ቀጥ ብሏል። ሆቴሉ መጋረጃውን ሳይፈልገው አይቀርም። የፖሊስ መኪና ውጭ ቆሟል፤ መንገዱ ከሆነ ያደርስሻል።»

ወጥቶ ሻይ ቤት ገባ። አንዲት ሴት ባሌን ሊወስዱብኝ ነው ብላ ጠመንጃ እስከ መስረቅ ትደርሳለች። ሻዩን ሲያማስል በባለቀጠሮው መቅናቱን አወቀ፤ ወዲያው ግን እስከ አንገቱ የተቆለፈው ኮት ትዝ አለውና ብቻውን ፈገግ አለ።

---

ሰፊዋ ግራጫውን ጣቃ በትከሻዋ ተሸክማ፣ አጃቢ ፖሊስ አስከትላ ኮሪደሩ ውስጥ ገባች። ባሏ ስልክ ተደውሎለት ቀድሟት ደርሷል። በቀጥታ ወደ መስኮቱ ስትሄድ ሽማግሌው ዛሬም እዚያው ነበሩ፤ ከዘራቸውን አቋረጡባት።

«ከብዶኛል፣ አባባ።»

«ሸክምማ ሁላችንም አለን።»

ተራዋን ያዘች። ስትደርስ ጣቃውን መስኮቱ ስር ዘረጋችው። የመስኮት ሦስት ሠራተኛ ብድግ ብላ ጠመንጃውን፣ ቀጥሎ ሴትየዋን አየች።

«አንቺ ነሽ?»

«አንቺ ነሽ?» አለች ሰፊዋም።

ሁለቱ ከእግር እስከ ራስ ተያዩ። ከኋላ አንዱ «ምነው ተኙ እንዴ!» ብሎ ጮኸ።

«ከፋዩ ተቀዷል አሉ» አለች ሠራተኛዋ።

«ሰፍቼዋለሁ።»

«የተጠገነ አይጸድቅም።»

«አዲስ አለብሰዋለሁ።»

ሠራተኛዋ የጠመንጃውን ቁጥር ከመዝገቡ ጋር አመሳክራ ለዕቃ ግምጃ ቤት አስረከበች፤ የባለቀጠሮውንም ማረጋገጫ በዚያው ፈረመች። ከዚያ ወደ ሰፊዋ ተመለሰች። «ላንቺ የማስረከቢያ ደረሰኝ ያስፈልግሻል። ሁለት ጉርድ ፎቶግራፍ።»

«ይዣለሁ።»

«ጀርባው ሰማያዊ ነው። ነጭ መሆን አለበት።» ሠራተኛዋ ፎቶውን መለሰችላት። ክፋት አልነበረባትም፤ ለሁሉም የምትለውን ነው ያለችው። «ነገ ነይ።»

ሰፊዋ ፎቶውን ይዛ ወደ ባሏ ዞረች። ባሏ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል፤ ከረባቱ ተጣሟል። አቃናችለት።

«ነገ ና ትልሃለች ያልከኝ እውነት ነው ለካ» አለችው።

አርብ የመኖሪያ ፈቃዱ ለአንድ ዓመት ታደሰ። የምርመራ መዝገቡ «ጠመንጃው በፈቃደኝነት ተመልሷል» ተብሎ ተዘጋ። ሰፊዋ ግን ስለ ነጩ ፎቶ ተመለሰች፤ ስለ ቀበሌ መታወቂያዋ ግልባጭ ተመለሰች፤ ፊርማዋ ከመስመሩ ስለወጣም ተመለሰች። አንድ ጠዋት መስታወት ፊት ቆማ ስትዘገጃጅ ባሏ በር ላይ መጥቶ ቆመ።

«ሽቶ የተቀባሽበት ምክንያት እንዲብራራልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ» አለ። ሲናገር አልሳቀም።

«ለሚመለከተው አካል ነው» አለችው፤ ከንፈሯን ነክሳ ወጣች።

የጠመንጃው ፈቃድ አዲስ ከፋይ ከለበሰው ካዝና ምርመራ በኋላ፣ የመኖሪያ ፈቃዱ ከታደሰ በሦስተኛው ወር ወጣ። ማመልከቻው ከገባበት ቀን አንስቶ አሥራ አምስት ወር ፈጅቷል። የሚያገለግለው የመኖሪያ ፈቃዱ እስኪያበቃ፣ ለዘጠኝ ወር ነው።